የደረቀ አፍ ምን ይናገራል?

በአገራችን ቋንቋ አስተዋይና የበሰለ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን አነጋገር ሲያወጡ፥ ምራቅ ለማንም የተሰጠ፥ ሲፈልጉት የማይታጣ ነገር መሆኑን ሳይጠራጠሩ የተቀበሉት ይመስለኛል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን፥ አንባቢዎቼ ሆይ፥ የሚውጠው ምራቅ ያጣ ሰው በመካከላችን ጥቂት እንዳልሆነ፥ ያጣበትም ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ሕይወትን የሚያሠጋ መሆኑን ልነግራችሁ ብዕሬን አነሣሁ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በመስቃን ምድር በምትገኘው በእንሴኖ ከተማ፥ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው። አንድ ቀን ጧት ተማሪዎቼ የምራቅን ሥራ በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ፥ ቀጭን የዱቄት ሙቅ አፍልቼና ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ይዤ ገባሁ። አዮዲን በዱቄት ሙቅ ላይ ጠብ ሲል ሙቁ እንደ ብዕር ቀለም ሰማያዊ ይሆናል። ሙቁ አስቀድሞ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ግን ሰማያዊው ቀለም አይመጣም፤ በሙቁ ውስጥ ያለውን ስታርች ምራቁ ወደ ስኳር ለውጦታልና።

ሁሉም በየብልቃጡ ምራቁን ሲጥል፥ ከኋላ መቀመጫ ያለ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ብልቃጡን በከንፈሩ ላይ እንደ ያዘ ቀረ። ጉንጩን ቢመጥ፥ ምላሱን ቢያንቀሳቅስ ጠብ የሚል ነገር አልወጣውም። «ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ነው!» አለ አንዱ፤ ክፍሉም በሳቅ ተመላ። ከሁሉ የከፋው እኔም አብሬ መሳቄ ነው። «ፈተና ሳይደርስ ከአሁኑ ዠመርክ?» አልኩት። ልጁ «አልቃምኩም፥ ቲቸር» ብሎ አቀረቀረ።

በዚያው ሰሞን በየክፍለ ጊዜው «ልውጣ» እያለ ፈቃድ ሲጠይቀኝ ከትምህርት የሚሸሽ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከልክዬዋለሁ። የውሃ ጠርሙስ ከእጁ እንደማይለይ፥ ሸሚዙም ከትከሻው ላይ እንደ ሰፋበት አይቻለሁ፤ አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ከትምህርት ቀረ። በሦስተኛው ቀን እያስመለሰውና በፍጥነት እየተነፈሰ፥ ራሱን ስቶ በመኪና ወደ ቡታጅራ ተወሰደ። የስኳር በሽታ ነበር። በጊዜ ደርሶ ኢንሱሊን ስለ ተሰጠው ዳነ። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ግን የሳቅሁበት ያ ብልቃጥ ዕድሜዬን ሙሉ ባልተለየኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ አፍ ድርቀት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የማውቃቸውንም ሐኪሞች ጠየቅሁ። የተማርኩት በአጭሩ ይህ ነው፤ የሰነበተ የአፍ ድርቀት መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሸኝቶ ማሰናበት አይበቃም፤ «ማን ላከህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ላኪዎቹም በብዛት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ልማድ፥ መድኃኒትና በሽታ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ ይረዱልኝ።)

ምራቅ ምን ይሠራል?

ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ይህም በብዛት የሚመጣው ከሦስት ጥንድ ታላላቅ ዕጢዎች ነው። አንደኛው ጥንድ ከጆሮ ፊት ለፊት በጉንጭ በኩል፥ ሁለተኛው ከመንጋጋ ሥር፥ ሦስተኛው ከምላስ ሥር ይገኛል። ከእነዚህም ሌላ በከንፈር፥ በጉንጭና በላንቃ ላይ ትናንሽ ዕጢዎች በመቶ እየተቈጠሩ ተበትነዋል።

ምራቅ ከመቶው 99 እጅ ውሃ ነው። ነገር ግን የቀረችው አንዲት እጅ ብዙ ሥራ ትሠራለች። እንጀራውና ቆጮው ገና በአፍ ሳለ መፈጨት እንዲዠምር ታደርጋለች፤ ጉርሻው ተለውሶ በጉሮሮ እንዲንሸራተት ታለሰልሳለች። ጀርምንም ትዋጋለች። ፔኒሲሊንን በ1928 በማግኘቱ የምናውቀው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ ከዚያ አስቀድሞ በ1922 ሊሶዛይም ስለሚባል ጀርም አጥፊ ነገር ጽፎ ነበር፤ ይህም ነገር በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምራቅ ወዳጅ ጥርስ ነው። ጣፋጭ ነገር በቀመስን ቍጥር በአፋችን ያሉት ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ቅርፊት ማሟሟት ይዠምራል። ምራቅ በዚህ ጊዜ ደርሶ አሲዱን ያበርዳል፤ ጥርሱ ያጣውንም ካልሲየምና ፎስፌት ይመልስለታል። ይህ ጠባቂ ሲጠፋ ጥርስ የሚበሰብሰው በተለመደው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከድዱ አጠገብ፥ በአንገቱ በኩል ዙሪያውን ይቦረቦራል።

አፉ የደረቀ ሰው ሌላም ችግር አለበት። የምግብ ጣዕም የሚታወቀው ምግቡ በምራቅ ሲሟሟ ስለ ሆነ፥ ወጡ አልጫ አልጫ ይለዋል። የማረቆ በርበሬ የገባበት ወጥ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ያቃጥለዋል። ሲናገር ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል፤ ትንፋሹ ይሸታል፤ የአፉ ማዕዘን ይሰነጠቃል፤ ሌሊት ለውሃ ሲል ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣል። ይህን ሁሉ ችሎ «ምንም አይደለም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ።

የመዠመሪያው ላኪ፤ ልማድ

በፈተና አዳራሽ፥ ወይም ለሥራ ቅጥር ሲጠየቅ አፉ ያልደረቀበት ሰው ማን ነው? ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ያን ጊዜ የምራቅ ዕጢዎች ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ፍርሃቱ ሲያልፍ ምራቁ ይመለሳል። ጾመኛም ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ ሲውል አፉ ይደርቃል፤ ማታ ሲያፈጥር ይስተካከላል። እነዚህ አያሳስቡም። የሚያሳስበው ለሳምንታትና ለወራት የሚዘልቀው ነው።

በእኛ አገር ከሚያዘልቁት ልማዶች አንዱ ጫት ነው። ቡታጅራና አካባቢዋ በዚህ ረገድ በሚገባ የተጠና አገር ነው። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ከኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ ዙሪያ፥ በዘጠኝ የገጠር ገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖረውን ሕዝብ ልደትና ሞት እየመዘገበ የሚከታተል ጥናት አቋቋመ። በዚሁ አገር ተጠንቶ በ1999 የታተመ አንድ ጽሑፍ፥ ከተጠየቁት 10,468 ሰዎች መካከል 50 ከመቶው በዚያን ጊዜ ጫት የሚቅሙ መሆናቸውን ገለጸ። ከቃሚዎቹም 80 ከመቶው የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናገሩ። እንግዲህ መቃም የሥራ ፈት ልማድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ እኔም ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። ካቲኖን እንቅልፍን የሚያባርረውና ልብን የሚያስመታው ሰውነትን ልክ እንደ ፈራ ሰው ሰውነት በማነሣሣት ነው። በፍርሃት ጊዜ አፍ እንደሚደርቅ አስቀድመን አይተናል፤ በጫትም እንዲሁ ይሆናል። ቅጠሉ ራሱም አፍን የሚያኮማትር ነገር አለበት።

ጉዳቱ ግን በድርቀቱ አያበቃም። አፉ የደረቀው ቃሚ ለስላሳ መጠጥ ይጠጣል፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ያስቀዳል፤ ምሬቱንም ለማብረድ ስኳር ይቅማል። በጠባቂ አልባው አፍ ውስጥ ስኳር ለአራትና ለአምስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይፈስሳል ማለት ነው። ከዚያም ጥርሱን ሳያጸዳ ይተኛል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ምራቅ ከምንጊዜውም ይልቅ ያንሳል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በፈተና ሰሞን እንዲህ ሳደርግ ኖሬ፥ አንድ የመንጋጋ ጥርሴን በ22 ዓመቴ አስነቅያለሁ። በዚያ ሌሊት ያጠናሁትን ረስቼዋለሁ፤ የጥርሱ ቦታ ግን ዛሬም ባዶ ነው።

ከጫት ሌላ ሲጋራና አረቄ አፍን ያደርቃሉ። አፍንጫው ተደፍኖ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰውም ጧት ምላሱ እንደ እንጨት ሆኖ ይነሣል። እንዲህ ያለው ሰው መታከም ያለበት ስለ አፉ ሳይሆን ስለ አፍንጫው ነው።

ሁለተኛው ላኪ፤ መድኃኒት

በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አስተናግር የማያውቅ የለም። በስሕተት የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ይቀባዥራል። ይህም የሆነው በውስጡ አትሮፒንና መሰሎቹ ስለሚገኙ ነው። እነዚህም ነገሮች «ምራቅ አፍልቅ» የሚለው የነርቭ ትእዛዝ ከዕጢው እንዳይደርስ ይከለክላሉ። ሐኪሞች አትሮፒንን በልክ አድርገው ለመድኃኒትነት ይጠቀሙበታል። ከፋርማሲ የምንገዛቸው ብዙ ኪኒኖችም ይህንኑ ትእዛዝ በመጠኑ ይከለክላሉ።

ከእነዚህ መካከል ለማሳከክና ለጉንፋን የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ዲፈንሃይድራሚን፥ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፥ ለድባቴና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፥ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን ይገኛሉ። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም፥ በተለይ ሽንት የሚያበዙት፥ አፍ ያደርቃሉ። አንድ ሰው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በበዙ መጠን ድርቀቱም ይብስበታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች አፋቸው የሚደርቀው በእርጅና ነው እየተባለ ይነገራል፤ ዋናው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት የመድኃኒት ብዛት ነው።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ፥ የደም ግፊት ያለባቸው ሰው ናቸው። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቆጮ ቀርቦላቸው መዋጥ አቅቷቸው አየሁና «ምነው፥ ጋሼ፥ አሞዎታል?» አልኳቸው።

«ያ የግፊት ኪኒን አፌን ቋንጣ አደረገው፥ ልጄ» አሉኝ። «ከሰኞ ወዲህ ትቼዋለሁ። ይልቅ ራሴን እየፈለጠኝ ነው።»

እኔ ከልጁ ነገር በኋላ ተምሬ ስለ ነበር አልሳቅሁም። በማግሥቱ ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነን፥ ጋሼ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘን ወደ ቡታጅራ ወሰድናቸው። ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አንድ በአንድ ሲያይ፥ ከግፊቱ መድኃኒት አጠገብ ጋሼ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማሳከክ ብለው የገዙትንና ለሁለት ወር ማታ ማታ የወሰዱትን ኪኒን አገኘ። «አፍዎን ያደረቀው በይበልጥ ይኸኛው ነው፤ እርስዎ ግን ሕይወትዎን የሚጠብቀውን ተዉ» አላቸው። የማሳከኩ ኪኒን ቀረ፤ የግፊቱም መድኃኒት ተለወጠላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ቆጮአቸውን ያለ ውሃ ሲበሉ አየሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፤ መድኃኒት አፍ ቢያደርቅም በገዛ ፈቃድ አይቋረጥም። የደም ግፊት መድኃኒቱን የተወ ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስስበት ይችላል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን የተወ ሰው ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው «አፌ ደረቀ» ሲል ቤተ ሰቡ እንደ ማመካኛ አይቍጠረው፤ እውነቱን ነው። ሐኪሙ ቢነገረው መጠኑን ሊቀንስ፥ ሰዓቱን ሊያዛውር ወይም መድኃኒቱን በሌላ ሊተካ ይችላል። ካልተነገረው ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ሦስተኛው ላኪ፤ በሽታ

ከበሽታዎቹ መካከል መዠመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የስኳር በሽታ ነው። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ በሽንት በኩል ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው እየጠጣ ይጠማል፤ ሽንቱ ይበዛል፤ እየበላም ይከሳል። እነዚህ ምልክቶች ከአፍ ድርቀት ጋር በአንድ ወጣት ላይ ከተገናኙ ለነገ የሚባል ጉዳይ የለም፤ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ የሚሠራው ምርመራ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይፈጃል። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚም ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው ይባላል። ምልክቶቹ ባሉበት ሰው ላይ በማናቸውም ሰዓት 200ና ከዚያ በላይ መገኘቱ ይበቃል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው በሽታ ነው። ሄንሪክ ሾግረን የሚባል ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ዓይናቸውና አፋቸው የደረቀባቸውን 19 ሴቶች መርምሮ በ1933 አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች ያጠቃል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፥ ይልቁንም በመካከለኛ ዕድሜ ያሉትን ይይዛል። «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለኛል፤ አፌም ይደርቃል፤ መገጣጠሚያዬንም ያመኛል» የምትል እናት ወይም አክስት ካለች ሦስቱን ለየብቻ ከማስታመም፥ አንድ ላይ ለሐኪም ትንገር።

ከእነዚህም ሌላ የኤች አይ ቪ ቫይረስ አፍን ሊያደርቅና ከጆሮ አጠገብ ያለውን የምራቅ ዕጢ ሊያሳብጥ ይችላል። ለራስና ለአንገት ካንሰር የሚሰጠው የጨረር ሕክምናም ዕጢዎቹን ይጎዳል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚያ ታክመው የተመለሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ የአፋቸው ድርቀትም ካንሰሩ ከዳነ በኋላ ሊቆይ ስለሚችል ጥርሳቸውን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ እንዴት ያውቃል?

«አፌ ደረቀ» ማለትና ምራቅ ማነስ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አብዛኛው ሰው ድርቀት የሚሰማው ምራቁ ከለመደው ወደ ግማሽ ያኽል ሲጎድል ነው፤ አንዳንዱ ግን ምራቁ ሳይጎድል ይሰማዋል። ስለዚህ ሐኪሙ መዠመሪያ ይጠይቃል። ሌሊት ለውሃ ትነሣለህን? ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ መዋጥ ትችላለህን? ዓይንህስ ይደርቃልን? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ትቅማለህን? እነዚህን ጥያቄዎች በእውነት መመለስ የሕክምናው ግማሽ ነው። በተለይ ስለ ጫትና ስለ ሲጋራ ሐኪም ፊት መዋሸት ራስን ማታለል ነው።

ቀጥሎ አፍን ያያል። ከምላስ ሥር ምራቅ ይጠራቀም እንደ ሆነ፥ ምላሱ ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ፥ ነጭ ሽፋን የሚያወጣ ፈንገስ እንዳለ፥ ጥርስ በአንገቱ በኩል እንደ ተበላ ይመረምራል። መሣሪያው ከጉንጭ ጋር ከተጣበቀ ይህም ምልክት ነው። የምራቁን መጠን መለካትም ይቻላል፤ ሰውየው ምንም ሳያኝክ ዝም ብሎ ተቀምጦ ለ15 ደቂቃ ምራቁን በመለኪያ ብልቃጥ ይጥላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ1.5 ሚሊሊትር በታች ከሆነ በእርግጥ አንሷል ይባላል። ከዚያ የደም ስኳር፥ እንዳስፈላጊነቱም ሌሎች ምርመራዎች ይታዘዛሉ።

ምን ይደረግ?

ምክንያቱ ከታወቀ ዋናው ሕክምና ምክንያቱን ማከም ነው። ከዚያ ጋር ግን እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው አለ።

1ኛ፤ ውሃን ጥቂት በጥቂት ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ይበጃል። በአንድ ጊዜ አንድ ጆግ መጠጣት ሽንት ያበዛል እንጂ አፍን ለረዥም ጊዜ አያርስም።

2ኛ፤ ስኳር የሌለበት ማስቲካ ማኘክ ዕጢዎቹን ያነቃቃል። ከረሜላ፥ ማርና ለስላሳ መጠጥ ለጊዜው ምራቅ ቢያመጡም ጥርስን ያጠፋሉ። ብዙ ሰው የሚመክረው ሎሚ መምጠጥም እንዲሁ ነው፤ የሎሚ አሲድ ምራቅ ባነሰበት አፍ ውስጥ የጥርስን ቅርፊት ይበላል።

3ኛ፤ ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፥ ይልቁንም ከመኝታ በፊት፥ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ማጽዳት ያስፈልጋል። መፋቂያ መልካም ልማድ ነው፤ አይቅር፤ ነገር ግን ፍሎራይዱን አይተካም። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ስፍራ የጕድጓድ ውሃ ራሱ ፍሎራይድ እየበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ስለዚህ ለሕፃናት ሳሙናው በጣም ጥቂት ይሁን፥ እንዳይውጡትም ይጠበቁ። አልኮል ያለበት የአፍ መጕመጥመጫ ድርቀትን ስለሚያብስ ይቅር።

4ኛ፤ ደረቅ ምግብን ማርጠብ ይገባል። ቆጮውን ከአይብ፥ ከጎመን ወይም ከወተት ጋር፥ ዳቦውን ከሾርባ ጋር መብላት ይቻላል። አፉ የቆሰለ ሰው በርበሬውን ይቀንስ። ከንፈሩን ቫዝሊን ይቀባ።

5ኛ፤ ጫትን መተው የሚችል ይተው። ለጊዜው መተው የማይችል ደግሞ ከስኳሩ ይለየው፤ በለስላሳው ፈንታ ውሃ ይጠጣ፥ ሳይተኛም ጥርሱን ያጽዳ። ሲጋራና አረቄም እንዲሁ ናቸው።

6ኛ፤ የጥርስ ሐኪምን በየስድስት ወሩ ማየት ያስፈልጋል። በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን ወይም ቃጠሎ ከተነሣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ኒስታቲንን የመሰለ መድኃኒት ይታዘዛል።

ይህ ሁሉ ባይበቃ ሰው ሠራሽ ምራቅ አለ። ፒሎካርፒን የሚባልም ኪኒን አለ፤ የሚገኘው ጃቦራንዲ ከሚባል የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ሥራ ያልተዉ ዕጢዎችን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን አስም ላለበትና አንዳንድ ዓይነት የዓይን ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

እንግዲህ፥ በየቢሮው ፋይል የምታገላብጡ ወጣት ሠራተኞችና ለፈተና የምትተጉ ተማሪዎች፥ ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ባልደረባ የውሃ ጠርሙስ ከእጁ የማይለይ ከሆነ፥ ሸሚዙም ከሰፋበት፥ አትሳቁበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሸኙት። እናታችሁ «ያ ኪኒን አፌን አደረቀው» ካሉ ኪኒኑን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። የራሳችሁም አፍ ከደረቀና ከሳምንታት በላይ ካስቆጠረ ልማዳችሁን፥ መድኃኒታችሁን፥ ደማችሁን በየተራ ጠይቁ።

ያ ተማሪዬ ዛሬ በየቀኑ ኢንሱሊኑን በገዛ እጁ እየተወጋ ትምህርቱን ቀጥሏል። ወደ ክፍል በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ሙከራ ደገምነው። ከመዠመሬ በፊት በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ብልቃጡን ወስዶ ምራቁን ጣለበት፤ ሙቁን ቀላቀለ፤ ጠበቅን። አዮዲኑን ጠብ ሲያደርግበት ሰማያዊው ቀለም አልመጣም። «ሠራ፥ ቲቸር» አለኝ። በዚያን ቀን የሳቀ ተማሪ አልነበረም፤ ከፈገግታ በቀር።